ባንክ የሚመረምረው ወረቀትን እንጂ ጆንያን አይደለም
ስለ ኤል ሲ ሰነዶች ምርመራ፤ በተለይም ስለ አሶሳና ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ንግድ

ንግድ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው የመተማመን ችግር ነው። ሻጩ ዕቃውን ልኮ ገንዘቡን እንዳያጣ ይሠጋል፤ ገዥውም ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃውን እንዳያጣ ይሠጋል። ይህን የሁለት ወገን ሥጋት ለማስታረቅ በመካከል የሚገባው ባንክ ሲሆን፣ መሣሪያውም ሌተር ኦፍ ክሬዲት፣ በነጋዴው አነጋገር ኤል ሲ የሚባለው የመተማመኛ ሰነድ ነው። በኤል ሲው የገዥው ባንክ ለሻጩ ተስፋ ይሰጣል፤ ይኸውም ሻጩ የተዘረዘሩትን ሰነዶች በተወሰነው ጊዜ ውስጥ አሟልቶ ካቀረበ ገንዘቡን እንደሚከፍለው ነው።

ብዙ ነጋዴዎች ከዚህ ተስፋ «ይከፍላል» የሚለውን ቃል አጥብቀው ይይዛሉ፤ «አሟልቶ ካቀረበ» የሚለው ግን ከልብ የሚገባቸው ሰነዳቸው ከተመለሰባቸው በኋላ ነው። ባንክ ሰሊጥ አይቀምስም፣ ኦቾሎኒ አይፈለፍልም፣ ጆንያ አይቈጥርም፤ የሚያየው ስለ ሰሊጡ፣ ስለ ኦቾሎኒውና ስለ ጆንያው የተጻፈውን ወረቀት ብቻ ነው። ዕቃው ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ወረቀቱ ከተሳሳተ ክፍያው ይታገዳል። ይህም ደንብ ለሁሉም ላኪ እኩል ቢሆንም፣ ከወደብና ከባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት ርቆ ለሚነግደው ለአሶሳ ነጋዴ ከሌላው ይልቅ ይከብደዋል።

የአሶሳ ምርትና የመንገዱ ርቀት

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በምርት የታደለ ክልል ነው። በአሶሳ፣ በካማሺና በመተከል ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ፣ አኩሪ አተርና ኑግ ይመረታል፤ የአሶሳ ማንጎና የቆላ ቀርከሃ፣ እንደዚሁም ዕጣኑና የመተከል እብነ በረድ በየገበያው የታወቁ ናቸው። ወርቁም ከጥንት ጀምሮ ስመ ጥር ነው፤ ነገር ግን በባህላዊ መንገድ የሚወጣው ወርቅ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርብ ስለሆነ የኤል ሲ ምርመራ በብዛት የሚነካው የቅባት እህሉንና ጥራጥሬውን ነው።

አሶሳ በባምባሲ፣ በመንዲ፣ በነጆ፣ በጊምቢና በነቀምቴ በኩል ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው የባቡር መስመር ደግሞ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ጆንያው መርከብ ላይ በሚጫንበት ዕለት ባለቤቱ ከዕቃው 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል ማለት ነው። በአዲስ አበባ የሚኖር ላኪ በአንድ ሰነድ ላይ የተሳሳተ ቃል ቢያገኝ በዚያው ቀን ወደ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄዶ ሊያሳርም ይችላል። የአሶሳው ላኪ ግን ያንኑ ቃል ለማሳረም መልእክተኛ፣ የመጓጓዣ ወጪና ብዙ ቀናት ያስፈልጉታል። ቀን ደግሞ በኤል ሲ ሥራ ከገንዘብ እኩል ነው።

የሚገዛው ደንብ

የኤል ሲ ሥራ በመላው ዓለም የሚካሄደው መቀመጫው በፓሪስ የሆነው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ነው። ምክር ቤቱ የተቋቋመው በ1919 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ይህን ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ደንቡ በየጊዜው እየተሻሻለ ቆይቶ ዛሬ የሚሠራበት፣ በባንክ ሰዎች ዘንድ ዩ ሲ ፒ 600 የሚባለው፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸናው ባለ 39 አንቀጹ ጽሑፍ ነው። ከእርሱም ጋር ባንኮች ሰነድን እንዴት እንደሚመረምሩ የሚያስረዳ ዝርዝር መመሪያ አለ፤ የመመሪያው የቅርብ ጊዜ እትም በ2023 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በኢትዮጵያም የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ ባንክ ሥራ በሚናገርበት ክፍል ስለ ሰነዳዊ ክሬዲት ደንግጓል።

ዓለም አቀፉ ምክር ቤት በዩ ሲ ፒ 600 መግቢያ ላይ አንድ አስደንጋጭ ነገር ጽፏል። ደንቡን የማሻሻሉ ሥራ በተጀመረበት ጊዜ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ በኤል ሲ ከሚቀርቡት ሰነዶች 70 በመቶ ያህሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርቡ በልዩነት ምክንያት ተቀባይነት ያጡ ነበር። ይህ ቍጥር የሚያስረዳው ችግሩ የአንድ አገር ወይም የአንድ ከተማ ነጋዴ አለማወቅ አለመሆኑን ነው። የለንደንም የሻንግሃይም ነጋዴ ይሳሳታል። ልዩነቱ ግን ለባንኩና ለወደቡ ቅርብ የሆነው ሰው ለማረም ጊዜ ሲኖረው ሩቁ የሌለው መሆኑ ነው።

መርማሪው ምን ያያል?

ሰነዶቹ የቀረቡለት ባንክ ከቀረቡበት ቀን ማግሥት ጀምሮ እስከ አምስት የባንክ የሥራ ቀናት ድረስ መርምሮ ይቀበላቸዋል ወይም ይመልሳቸዋል። የባንክ የሥራ ቀን የሚባለውም ሥራው በሚፈጸምበት ቦታ ባንኩ ዘወትር ክፍት የሚሆንበት ቀን ነው። ስለዚህ ለአዲስ አበባው ባንክ የገናና የጥምቀት በዓል ከአምስቱ ቀናት አይቈጠሩም፤ ለውጭው ባንክ ግን ሊቈጠሩ ይችላሉ።

መርማሪው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሰነድ ኤል ሲው ያዘዘውን ያሟላልን? ሁለተኛ፣ ከደንቡ ጋር ይስማማልን? ሦስተኛ፣ አንዱ ሰነድ ከሌላው ሰነድ ጋር ይጋጫልን? በሰነዶቹ ያለው ቃል ሁሉ ፊደል በፊደል አንድ እንዲሆን አይጠበቅም፤ እርስ በርሱ መቃረን ግን የለበትም። ባንኩ ሰነዱ እውነተኛ ስለ መሆኑም ሆነ ዕቃው በእርግጥ ስለ መኖሩ ኃላፊነት አይወስድም። ያልተጠየቀ ሰነድ ቢጨመርለትም ሳያየው ሊመልሰው ይችላል፤ ስለዚህ «ይጠቅም ይሆናል» ብሎ ትርፍ ወረቀት ማቅረብ ምንም አይጨምርም።

የዕቃው ስም

ከሁሉ ይልቅ ጥብቅ የሆነው በንግድ ኢንቮይስ ላይ የሚጻፈው የዕቃ መግለጫ ነው። ይህ መግለጫ በኤል ሲው ከተጻፈው ጋር መመሳሰል አለበት። በሌሎቹ ሰነዶች ላይ ዕቃው በጠቅላላ ስሙ ቢጠራ፣ ከኤል ሲው ጋር እስካልተጋጨ ድረስ፣ ዛሬ ይበቃል።

ስለዚህ ጉዳይ በእንግሊዝ አገር የተሰጠ አንድ ፍርድ ኦቾሎኒ ለሚነግዱ ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ አንድ የዴንማርክ ገዥ በለንደን ባለ ባንክ በኩል ለ1,400 ቶን ያህል የኮሮማንደል ኦቾሎኒ ክሬዲት አስከፈተ። ሻጮቹ ባቀረቡት ኢንቮይስ ላይ «የኮሮማንደል ኦቾሎኒ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ በመርከብ ጭነት ሰነዱ ላይ ግን «በማሽን የተፈለፈለ ኦቾሎኒ» ተባለ። በኦቾሎኒ ነጋዴዎች ዘንድ ሁለቱ ስሞች አንድ ዕቃ ማለት መሆናቸው በፍርድ ቤት ተመሰከረ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን በ1943 እ.ኤ.አ. በታተመው ውሳኔው ባንኩ አልከፍልም ማለቱ ትክክል ነው ሲል ፈረደ። ምክንያቱም ባንክ የእያንዳንዱን ንግድ ልማድና የገበያ ቋንቋ እንዲያውቅ አይገደድም። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ለላልቷል፤ ነገር ግን የነገሩ ፍሬ አልተለወጠም፤ ነጋዴው የሚያውቀውን መርማሪው ያውቃል ብሎ መተማመን አይገባም።

ይህን ወደ አሶሳ ገበያ ማምጣት ይቻላል። የኢትዮጵያ ሰሊጥ በውጭ ገበያ የሁመራ፣ የጎንደር፣ የወለጋ እየተባለ በዓይነቱ ይጠራል። አንድ የውጭ ገዥ «የወለጋ ዓይነት ሰሊጥ፣ የአዲስ ዓመት ምርት» ብሎ ኤል ሲ ቢያስከፍት፣ ሻጩም ሰሊጡ በእርግጥ የበቀለው በአሶሳ ዞን ስለሆነ በኢንቮይሱ ላይ «የቤኒሻንጉል ሰሊጥ» ብሎ ቢጽፍ፣ እውነት ተናግሯል፤ ሆኖም ሰነዱ ይመለሳል። «የአዲስ ዓመት ምርት» የሚለውን ቃል ቢዘነጋም እንደዚሁ ነው። መድኃኒቱ በኢንቮይሱ ላይ ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ አይደለም። መግለጫው ለዕቃው የማይስማማ ከሆነ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ኤል ሲው እንዲሻሻል ገዥውን መጠየቅ ይገባል። ኤል ሲ የሚሻሻለውም ከፋቹ ባንክ፣ ክፍያውን ያረጋገጠ ባንክ ካለ እርሱና ሻጩ ሲስማሙ ብቻ ነው።

የቦታና የሰው ስም አጻጻፍም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አሶሳ በላቲን ፊደል አንዳንድ ጊዜ በአንድ «ኤስ»፣ አንዳንድ ጊዜ በሁለት «ኤስ» ይጻፋል፤ ቤኒሻንጉልም እንደየጸሐፊው ይለያያል። ትርጕም የማይለውጥ የፊደል ግድፈት እንደ ልዩነት አይቈጠርም፤ የአድራሻ መለያየትም አገሩ እስካልተለወጠ ድረስ አይጎዳም። የድርጅት ስም ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሻጩ በንግድ ፈቃዱ ላይ በአንድ አጻጻፍ፣ በኤል ሲው በሌላ፣ በምስክር ወረቀቱም በሦስተኛ አጻጻፍ ቢታይ መርማሪው ሦስት ድርጅቶች ይመስሉታል። አንድ ጊዜ የላቲን አጻጻፍን መርጦ በማኅተም፣ በፈቃድ፣ በውልና በባንክ ሂሳብ ላይ ያንኑ መጠበቅ ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው።

የክብደትና የገንዘብ ልክ

ለማስላት እንዲቀል አንድ ኤል ሲ 190 ሜትሪክ ቶን ሰሊጥ፣ ለአንድ ቶን 1,000 ዶላር፣ በጠቅላላው 190,000 ዶላር ይላል እንበል። ኤል ሲው ዝም ካለ፣ መጠኑም የተነገረው በክብደት ከሆነ፣ ደንቡ 5 በመቶ መጨመርን ወይም መቀነስን ይፈቅዳል። ስለዚህ ከ180.5 እስከ 199.5 ቶን መጫን ይቻላል፤ የሚጠየቀው ገንዘብ ግን ከ190,000 ዶላር ሊያልፍ አይችልም። በመጠኑና በገንዘቡ ፊት «ያህል» የሚል ቃል ካለ ፈቃዱ እስከ 10 በመቶ ይሰፋል፤ ይህም ቃል የሚሠራው ለተጻፈበት ነገር ብቻ ነው። በመጠኑ ፊት ተጽፎ በገንዘቡ ፊት ካልተጻፈ ገንዘቡን አያሰፋም።

ኤል ሲው «እያንዳንዱ 50 ኪሎ የሆነ 3,800 ጆንያ» ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። መጠኑ በጆንያ ቍጥር ስለ ተነገረ የ5 በመቶው ፈቃድ ይቀራል። በረጅሙ ጉዞ ሁለት ጆንያ ተቀድዶ 3,798 ብቻ ቢጫን፣ ኤል ሲው ከፍሎ መጫንን ከከለከለ ልዩነት ይሆናል። ከሩቅ አገር ዕቃ የሚያስጭን ነጋዴ መጠኑ በቶን እንዲጻፍለት ገዥውን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይህ ሁሉ ጣጣ አይደርስበትም።

ስለ ቀናት

በኤል ሲ ላይ ሦስት ቀናት ይጠበቃሉ፤ የመጨረሻው የጭነት ቀን፣ ሰነድ የሚቀርብበት ቀንና ኤል ሲው የሚያልፍበት ቀን ናቸው። ኤል ሲው ሌላ ካላዘዘ ሰነድ ዕቃው ከተጫነ በኋላ ባሉት 21 ቀናት ውስጥ፣ ኤል ሲው ሳያልፍ መቅረብ አለበት። ለምሳሌ ዕቃው ኤፕሪል 1 ቀን ቢጫን ሃያ አንዱ ቀን የሚያበቃው ኤፕሪል 22 ነው፤ ኤል ሲው የሚያልፈው ኤፕሪል 15 ከሆነ ግን ወሰኑ ኤፕሪል 15 ነው። የማለፊያው ቀን ባንክ በሚዘጋበት በዓል ላይ ቢውል ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል። የመጨረሻው የጭነት ቀን ግን በምንም በዓል አይሻገርም።

የአሶሳ ነጋዴ ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። የጭነት ቀን ማለት መኪናው ከአሶሳ የተነሣበት ቀን አይደለም። ኤል ሲው ከወደብ ወደብ የሚል የመርከብ ጭነት ሰነድ ካዘዘ፣ የሚቈጠረው ዕቃው በጅቡቲ መርከብ ላይ የወጣበት ቀን ነው። መንገድ በጸጥታ ምክንያት ቢዘጋ፣ ድልድይ ቢሰበር፣ ወደቡ ቢጨናነቅ ባንኩ ቀኑን አያራዝምም፤ በቅርብ ዓመታት የምዕራቡ መንገድ በተቋረጠባቸው ጊዜያት ነጋዴው ይህን በሚገባ ተረድቶታል። ስለሆነም የመጨረሻው የጭነት ቀን ሲወሰን የመንገዱን ርዝመት ብቻ ሳይሆን መዘግየቱንም አስቦ መስማማት ያስፈልጋል። ገዥው ፈቃደኛ ሲሆንም ኤል ሲው የየብስና የባሕር ጉዞን አጣምሮ የሚይዝ የጭነት ሰነድ እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል። በዚህ ጊዜ አጓጓዡ ዕቃውን በአገር ውስጥ፣ ለምሳሌ በሞጆ ደረቅ ወደብ፣ የተረከበበት ቀን እንደ ጭነት ቀን ሊቈጠር ይችላል።

ሌላው ወጥመድ የዘመን አቈጣጠር ነው። መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ማርች 21 ቀን 2025 ነው። በአገር ውስጥ የተሰጠ የክብደት ወይም የጥራት ምስክር ወረቀት «12/07/2017» የሚል ቀን ብቻ ቢይዝ፣ የውጭው መርማሪ ጁላይ 12 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። ባለፈው ወር የተጫነው ሰሊጥ ከሰባት ዓመት በፊት እንዴት ተመዘነ ብሎ ሲጠይቅ ሊወቀስ አይገባውም። ለውጭ አገር የሚሄድ ሰነድ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር፣ ወሩም በቍጥር ሳይሆን በስሙ ተጽፎ ቢወጣ ይህ ጥርጣሬ ይወገዳል።

የማለፊያው ቦታም ከቀኑ ያላነሰ ነው። ኤል ሲው «በከፋቹ ባንክ ዘንድ ያልፋል» ካለ ወረቀቶቹ በዚያ ቀን በውጭ አገር መገኘት አለባቸው፤ በፖስታ የሚጠፋው ጊዜ ሁሉ የሻጩ ነው። «በኢትዮጵያ ያልፋል» ካለና በኢትዮጵያ የተሰየመ ባንክ ካለ ግን ለዚያ ባንክ በጊዜው ማስረከብ ይበቃል። ይህ አንድ ቃል ለአሶሳው ላኪ ብዙ ቀናት ያተርፍለታል።

የጭነት ሰነዱና ምስክር ወረቀቶቹ

የመርከብ ጭነት ሰነድ የአጓጓዡን ስም መያዝ አለበት፤ የሚፈርምበትም አጓጓዡ ራሱ፣ የመርከቡ ካፒቴን ወይም የእነርሱ ወኪል ነው። ወኪል ሲፈርም ስለ ማን እንደ ፈረመ መጻፍ ይገባዋል። ሰነዱ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ማለትም «ጆንያው ተቀድዷል» ወይም «ዕቃው ረጥቧል» የሚል ቃል ሊኖርበት አይገባም። ከአሶሳ የሚነሣ ጆንያ ብዙ ጊዜ ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ኮንቴይነር የሚገለበጥ ስለሆነ የጆንያው ጥንካሬ ራሱ የሰነድ ጉዳይ ይሆናል።

የትውልድ አገር ምስክር ወረቀት ከንግድ ምክር ቤት፣ የዕፅዋት ጤንነት ምስክር ወረቀት ከግብርና ባለሥልጣን ይወጣል። ኤል ሲው የሰጪውን መሥሪያ ቤት ስም ጠቅሶ ካዘዘ ከዚያው መሥሪያ ቤት እንጂ ከሌላ መምጣት የለበትም። ዋናውና ቅጂው ስንት ስንት እንደሆነም መቍጠር ያስፈልጋል። ሻጩ ኢንሹራንስ የሚገባ ሲሆን ሽፋኑ ቢያንስ የዕቃው፣ የኢንሹራንሱና የማጓጓዣው ዋጋ ተደምሮ 110 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ድምር 190,000 ዶላር ቢሆን 209,000 ዶላር ማለት ነው። ቀኑም ከጭነት ቀን ሊዘገይ አይገባውም።

አንድ ፊደል ምን ያህል እንደሚያከስር የሚያስረዳው በ1927 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝ የበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ከጃቫ ቫኒላ ያዘዘ ገዥ የጥራቱ ምስክር «በባለሙያዎች» እንዲሰጥ ኤል ሲው ላይ አስጻፈ። ትእዛዙ በምሥጢር ቍጥር በቴሌግራም ሲተላለፍ ነጠላና ብዙ ቍጥር ስላልተለዩ ባንኩ በአንድ ባለሙያ ፊርማ ከፈለ። ሣጥኖቹ ሲከፈቱ ከጥቂት ቫኒላ ጋር እንጨት፣ ድንጋይና አሮጌ ብረት ተገኘባቸው። ፍርድ ቤቱ ባንኩ ትእዛዙን ስላልጠበቀ ገንዘቡን ከገዥው ሊያስመልስ አይችልም ሲል ወሰነ፤ «ለማለት ይቻላል» የሚባል ሰነድ በኤል ሲ ሥራ ቦታ የለውም ማለት ነው። ባንኮች ስለ አንዲት ቃል የሚጨነቁት እንዲህ ያለውን ኪሳራ ከራሳቸው ለመከላከል ነው እንጂ ነጋዴውን ለማንገላታት አይደለም።

ለአስመጪና ለባለ ሱቅ

እስካሁን የተባለው በላኪው በኩል ነው። ለአስመጪው ነገሩ ተገልብጦ ይታያል። ባንኩ የሚያየው ወረቀትን ብቻ ስለሆነ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የቤት ክዳን ቆርቆሮ ያዘዘ ነጋዴ የተበላሸ ዕቃ ቢላክበትም ሰነዱ ከተሟላ ባንኩ ይከፍላል። ውሉና ኤል ሲው የተለያዩ ስለሆኑ የዕቃውን ክርክር ከሻጩ ጋር በውሉ መሠረት ይቀጥላል። ለዚህ ደንብ ልዩ ሆኖ የሚጠቀሰው ግልጽ ማጭበርበር ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. ከሕንድ የብሩሽ ፀጉር የገዛ ነጋዴ ሣጥኖቹ የላም ፀጉርና የማይረባ ነገር ተሞልተው እንደ ተላኩ ለኒው ዮርክ ፍርድ ቤት አመለከተ፤ ፍርድ ቤቱም አቤቱታው እውነት ከሆነ ክፍያው ሊታገድ ይችላል ሲል ወሰነ። ነገር ግን ማጭበርበርን በፍርድ ቤት ማስረዳት ረጅምና ውድ መንገድ ነው።

አጭሩ መንገድ የሚፈለገውን ነገር ወደ ሰነድ መለወጥ ነው። አስመጪው በኤል ሲው ላይ «ቆርቆሮው አንደኛ ደረጃ ይሁን» ብሎ ቢያስጽፍና ይህን የሚያረጋግጥ ሰነድ ባይጠይቅ ባንኩ ቃሉን እንዳልተጻፈ ይቈጥረዋል። «ስሙ የተጠቀሰ መርማሪ ድርጅት ውፍረቱንና ብዛቱን አይቶ የሰጠው ምስክር ወረቀት ይቅረብ» ቢል ግን ያለዚያ ወረቀት ክፍያ የለም። በአሶሳ ከተማ ሱቅ የከፈተ ሰው ራሱ ኤል ሲ ባያስከፍትም ጉዳዩ ይነካዋል፤ ከአዲስ አበባ አስመጪ የሚረከበው ዕቃ ዋጋና ጥራት የሚወሰነው እዚሁ ወረቀት ላይ ነውና። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ደግሞ፣ በሰነድ መመለስ ምክንያት ክፍያ በዘገየ ቍጥር የምንዛሪው ለውጥ የሚያስከትለው ልዩነት በነጋዴው ሂሳብ ላይ ይወድቃል።

ሰነድ ሲመለስ

ባንክ ሰነድን ሲመልስ ልዩነቶቹን ሁሉ በአንድ ማስታወቂያ ዘርዝሮ፣ ወረቀቶቹንም ምን እንዳደረጋቸው ጠቅሶ፣ በአምስቱ የሥራ ቀናት ውስጥ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ይህን ሳያደርግ ቢቀር ሰነዱ አልተሟላም ብሎ ሊከራከር አይችልም። ስለዚህ ሻጩ ማስታወቂያው የተላከበትን ቀንና ዝርዝሩን በጽሑፍ መቀበል አለበት። ኤል ሲው ካላለፈ፣ የማቅረቢያው ጊዜም ካልተፈጸመ፣ የሚታረመውን አርሞ እንደገና ማቅረብ ይችላል።

ጊዜው ካለፈ ግን የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ገዥው ልዩነቱን እንዲተውለት መለመን። በዚህ ጊዜ የባንክ ተስፋ ወደ ገዥ በጎ ፈቃድ ዝቅ ይላል። የሰሊጥ ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ ያለ እንደሆነ ገዥው ግድፈቱን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ዋጋው ወርዶ ከሆነ ያቺኑ አንዲት ቃል ይዞ ቅናሽ ይጠይቃል። ዕቃው በሩቅ ወደብ የኮንቴይነርና የመጋዘን ኪራይ እየበላ ሻጩ በአሶሳ ተቀምጦ ምን አማራጭ አለው? የተጠየቀውን ይቀንሳል። ያ ቅናሽ የሚወጣውም ከእርሱ ኪስ ብቻ አይደለም፤ ምርቱን በዱቤ ከሰጠው ገበሬ፣ ከባለ መኪናውና ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ከተያዘው ገንዘብ ጭምር ነው።

አስቀድሞ የሚሠራ ሥራ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። በኤል ሲ ንግድ የሰነድ ምርመራ መጀመር ያለበት ሰነዱ ባንክ ሲገባ ሳይሆን ኤል ሲው ነጋዴው እጅ በገባበት ዕለት ነው። በዚያን ዕለት ኤል ሲውን ከውሉ ጋር አስተያይቶ፣ የተጠየቁትን ሰነዶች በአንድ ወረቀት ዘርዝሮ፣ በየሰነዱ ትይዩ ሰጪውን መሥሪያ ቤት፣ የሚፈለገውን ቃልና የመጨረሻውን ቀን መጻፍ ይበቃል። ሊሟላ የማይችል ቃል ከተገኘ ማሻሻያው የሚጠየቀው ጆንያው ገና በአሶሳ መጋዘን ሳለ ነው። ያን ጊዜ ሻጩ ዕቃውን በእጁ ስለያዘ ገዥው ይሰማዋል፤ መርከቡ ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰነዶቹም ገና በረቂቅ ሳሉ፣ ፊርማና ማኅተም ሳያርፍባቸው፣ በአዲስ አበባ ለሚገኘው የባንኩ ክፍል በቅጂ ቢታዩ ብዙው ስሕተት በአንድ የስልክ ጥሪ ይታረማል።

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ንግድ የተነገረ ይመስላል። የአሶሳ ሰሊጥና ኦቾሎኒ በማሳ ላይ ብዙ ድካም ፈስሶበት ይደርሳል፤ በረጅሙ መንገድም ብዙ እጅ ያልፋል። የዚያ ሁሉ ድካም ዋጋ ጥቂት ገጽ በሆነ ወረቀት ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ባንክ መስኮት ይቀርባል። መኪናውን ከመጫን በፊት ያን ወረቀት በሚገባ ማንበብ ከማንኛውም ጥንቃቄ ይልቅ ርካሽ ነው፤ አንድ ቀን ያህል ጊዜ ይወስዳል፤ የአንድ ዓመት ምርትም ያድናል።